አንገትሽ ላይ ኖዱል ተገኝቷል ለተባልሽው እህት

«አልትራሳውንድ ተነስቼ ታይሮይድሽ (አንገት ፊት ለፊት ያለው እጢ) ላይ ኖዱል፣ ማለትም እብጠት፣ አለ ተባልኩ፤ ቶሎ ኦፕራሲዮን አድርጊ ብለውኛል፤ ካንሰር ይሆን?» ላልሽው እህቴ፦ አብዛኛው ኖዱል ካንሰር አይደለም። ግን እኔ ላይ የደረሰው እንዳይደርስብሽ ትንሽ ልጻፍልሽ።

1. ሪፖርቱን አውጥተሽ እዪው። ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ጠጣር ነው ወይስ ፈሳሽ የያዘ? ጠርዙ ልሙጥ ነው ወይስ የተቆራረጠ? ጥቃቅን ነጫጭ ነጠብጣብ አለው? የቲራድስ ደረጃውስ (ኖዱሉ ምን ያህል እንደሚያጠራጥር ከ1 እስከ 5 የሚለካበት፤ 5 በጣም አጠራጣሪው ነው) ስንት ነው? ይህ ካልተጻፈ ያስነሱሽ ቦታ ተመልሰሽ አስጽፊ። የእኔው አንዲት መስመር ነበር፦ «በታይሮይድ እጢ ላይ ኖዱሎች ታይተዋል»። ማህተሙ ከጽሑፉ ይበልጣል! ይችን ይዤ የገባሁበት ሐኪም አንገቴን እንኳ ሳይዳስስ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ያዢ አለኝ። መጠኑን ጻፉልኝ ብዬ ብመለስ የካርድ ክፍሏ ልጅ «ሐኪም ነሽ እንዴ?» ብላ በሰልፈኛው ፊት ሳቀችብኝ። ምስሉን ስጡኝ ስል ደግሞ «አይሰጥም»። ያን ሁሉ ብር ከፍዬ!

2. ሌላ ቦታ፣ ሌላ ክፍያ። እዚያ ያየችኝ ራዲዮሎጂስት፣ እግዜር ይስጣት፣ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙራ አሳየችኝ። ያስፈራሩኝ ትልቁ ኖዱል 3 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ውስጡ ግን እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። እንዲህ ያለው ቢተልቅም በመርፌ ናሙና መውሰድ አያስፈልገውም አለችኝ። ያኛው ሪፖርት ትንፍሽ ያላለበት ሌላ ትንሽ ነበር፤ 1.2 ሴንቲ ሜትር። ጠጣር፣ ከዙሪያው የጠቆረ፣ አንገትን አግድም በሚያሳየው ምስል ላይ ደግሞ ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ። ለጠጣርነቱ 2፣ ለጥቁረቱ 2፣ ለቁመቱ 3 ነጥብ፤ ድምሩ 7፣ ይህም ቲራድስ 5። በአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ አሠራር 5ኛ ደረጃ ከ1 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ፣ 4ኛው ከ1.5፣ 3ኛው ከ2.5 ጀምሮ በመርፌ ናሙና ይወሰድለታል። በአንገት ጎን ያሉትንም ንፍፊቶች ሳታይ አልለቀቀችኝም።

ናሙናው ካንሰር የለውም ሆኖ ተገኘ፤ ተመስገን። አልትራሳውንድ ይጠረጥራል እንጂ አይፈርድም። ሆኖም መልኩ አጠራጣሪ ስለነበር በ12 ወር ውስጥ አልትራሳውንዱም መርፌውም ይደገም ተባልኩ። ሁለተኛውን ምስል በፍላሽ ይዤ ስለወጣሁ ስደግም ማነጻጸሪያ አላጣሁም።

መርፌው ራሱ ለምርመራ ደም ከመስጠት አይብስም። ሰፈር ውስጥ ግን አዮዲን ያለው ጨው አብዢ፣ ይሟሟል የሚሉሽ አይጠፉም። ጨዉ በአዮዲን እጥረት የሚመጣን እንቅርት ይከላከላል እንጂ ያለውን ኖዱል አያጠፋም። እናቴም በልጅነቷ ለዚሁ እንቅርት ተብሎ አንገቷን ተነቅሳለች፤ ንቅሳቱ አምሮባታል፣ እንቅርቱም አብሮ አለ።

የቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዝዘው ሆርሞን) ደም ምርመራ ካላደረግሽ ከመርፌው በፊት አድርጊ። ዝቅ ካለ ኖዱሉ ሆርሞን የሚያመነጭ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ሌላ ዓይነት ስካን ያዙልሻል፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ካንሰር የመሆን ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው።