ሲዲ4 ቢያገግምም ጉበት ለምን ይጎዳል?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ነዋሪ ነኝ። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቴን ሳላቋርጥ ስለምወስድ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ደርሷል፤ የሲዲ4 (የመከላከል አቅምን የሚያስተባብሩ ነጭ የደም ሴሎች) ቁጥሬም ከ600 በላይ ነው። በቅርቡ ግን ሄፓታይተስ ሲ እንዳለብኝ ተነገረኝ። የመከላከል አቅሜ ከተመለሰ ይህን ቫይረስ ራሱ አያጠፋውም? አክስቴ ለወፍ በሽታ የሚሆን ቅጠል ጠጣ ትለኛለች።

መልስ፦ የተነገርዎት በፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያመነጨው ፕሮቲን) ምርመራ ብቻ ከሆነ፣ ይህ የሚያሳየው ቫይረሱ ገብቶ እንደነበር ነው፤ ዛሬ መኖሩን የሚያረጋግጠው የቫይረሱን የዘር ቅንጣት በደም ውስጥ የሚፈልገው የአርኤንኤ ምርመራ ነውና ይህን ይጠይቁ።

ቫይረሱ ካለ፣ በራሱ ይጠፋል ብለው አይጠብቁ። በሄፓታይተስ ሲ ከተያዙ ሰዎች ከ15 እስከ 45 በመቶ የሚሆኑት በ6 ወር ውስጥ ያለ መድኃኒት ይድናሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ይህ እምብዛም አይታይም። ለዚህ ድል በቫይረሱ የተያዙ ሴሎችን የሚገድሉት ሲዲ8 ሴሎች የሲዲ4ን ድጋፍ ይሻሉ፤ ኤችአይቪ የሚያመነምነውም ይህንኑ ድጋፍ ነው። ሲዲ8 ሴሎች ከቫይረሱ ጋር ለዓመታት ሲፋለሙ ይዝላሉ፤ በላያቸው ላይም ሥራቸውን የሚገታ ፒዲ1 የተባለ ፕሮቲን ይበዛል። በካርድዎ ላይ የተጻፈው 600 የሲዲ4ን ብዛት እንጂ ሄፓታይተስ ሲን ለይተው የሚያጠቁ ሴሎችን ብቃት አይነግርዎትም።

ከሁሉ ይበልጥ ልብ እንዲሉት የምፈልገው የአንጀትን ጉዳይ ነው። ኤችአይቪ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአንጀት ግድግዳ ያሉትን ሲዲ4 ሴሎች ክፉኛ ስለሚያጠፋ፣ ግድግዳው ይሳሳና የባክቴሪያ ስብርባሪ ከአንጀት በሚነሣው የደም ሥር በቀጥታ ጉበት ይደርሳል፤ በዚያ ያሉ የመከላከያ ሴሎች ሲቆጡም ጠባሳ የሚሠሩትን ሴሎች ያነሣሣሉ። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ይህን ጉዳት ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠግነውም። ጠባሳው ከበረታ ጣፊያ ያብጥና ሲዲ4 ቁጥር ሊወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቴ ከሸፈ ብለው እንዳይደናገጡ በመቶኛ የሚገለጸውንም የሲዲ4 ውጤት ይመልከቱ፤ እሱ በጣፊያ ማበጥ ብዙም አይወርድምና።

ቅጠሉን ግን እባክዎ አይጠጡ፤ ጉበትን የሚመርዙ ዕፅዋት አሉ፤ የታመመ ጉበት ደግሞ ይህን አይችልም። ሶፎስቡቪርን ከዳክላታስቪር ጋር በማጣመር በአብዛኛው ለ12 ሳምንት የሚሰጠው ሕክምና ኤችአይቪ ያለባቸውንም ጨምሮ ከ10 ሕሙማን ከ9 በላይ የሚሆኑትን ይፈውሳል። የኤችአይቪ መድኃኒትዎን ስም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ኤፋቪሬንዝ ካለበት የዳክላታስቪር መጠን ከፍ ማለት አለበት። ሄፓታይተስ ቢም አስቀድሞ ይመርመር፤ ሲ ሲጠፋ ቢ እንደገና ሊያገረሽ ይችላልና። ከዳኑ በኋላም በደምዎ የሚቀረው ፀረ እንግዳ አካል ዳግም ከመያዝ ስለማይጠብቅዎት፣ ክትባትም ስለሌለው፣ ምላጭና መርፌ ከማንም ጋር አይጋሩ።