«ድኅረ» እና «ፀረ» አንድ አይደሉም

ጥያቄ፦ «መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ሐዋሳ የሕግ ተማሪ ነኝ። ለክፍል በማዘጋጀው ጽሑፍ ‹ፖስትሊበራል› የሚለውን ‹ፀረ ሊበራል› ብዬ ተረጎምኩት። ጓደኛዬ ‹ድኅረ ሊበራል ነው የሚባለው› አለችኝ። ፍቅር ሐይቅ ቁጭ ብለን እስኪመሽ ተከራከርን። ለመሆኑ ድኅረ ሊበራል የሆነ ሰው ሕገ መንግሥት አይቀበልም ማለት ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ ልክ ናት። «ድኅረ» ከግዕዝ የወረስነው ቃል ነው፤ «በኋላ» ማለት ነው። ድኅረ ምረቃ የሚማር ሰው ምረቃን የሚጠላ አይደለም። ተመርቆ ያለፈ ነው። «ፀረ» ግን ጠላትነት ነው፤ ፀረ ሙስና፣ ፀረ ተባይ እንደምንለው። ሌላም አለን፤ «ኢ»። ኢ-ፍትሐዊ፣ ኢ-መደበኛ እንላለን። በ2014 እ.ኤ.አ. የሃንጋሪ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቪክቶር ኦርባን ሃንጋሪ ውስጥ ሊበራል ያልሆነ መንግሥት እየገነባን ነው ሲሉ፣ ያ «ኢ-ሊበራል» ነው። እንደ ፓትሪክ ዲኒን ያሉት አሜሪካዊ ምሁር ደግሞ ሊበራሊዝም፣ ማለትም የግለሰብን ነጻነት የሚያስቀድመው አስተሳሰብ፣ የወደቀው ግቡን ስለመታ ነው ይላሉ። ግለሰቡን ነጻ ሲያወጣ ቤተሰቡንና ጉርብትናውን አላላ፤ እንግዲህ ከእሱ ወዲያ እንሻገር ነው ነገሩ። ይህ በትክክል «ድኅረ» ነው።

አደራ፣ «ሊበራል»ን «ለዘብተኛ» ብለሽ እንዳትተረጉሚው። ለዘብተኛ የጠባይ ቃል ነው። ሊበራሊዝም የአስተሳሰብ ስም ነው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ይከብዳል። ድኅረ ሊበራል ሁሉ ሕገ መንግሥትን ጥሏል አይባልም። ሥልጣንን መገደብ ሊበራሊዝም ሳይወለድ የነበረ ነገር ነው፤ የእንግሊዝ ባላባቶች የንጉሥን ሥልጣን የሚገድበውን ሰነድ ማግና ካርታን ንጉሣቸውን ያስቀበሉት በ1215 እ.ኤ.አ. ነው። ክርክሩ ያለው የሕገ መንግሥት ሥራው ምንድን ነው የሚለው ላይ ነው። የሃርቫርዱ የሕግ መምህር ኤድሪያን ቨርሚውል በ2020 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት ለሁሉም በጎ ወደሆነው እየተመራ መተርጎም አለበት ብለው ጻፉ። ለእሳቸው ሕገ መንግሥት ልጓም ብቻ አይደለም፤ መንገድም ያሳያል።

የሚገርመኝ የእኛው ቃል ነው። «ሕግ» ወደ «ሕገ» ሲለወጥ «የ»ን ይተካል፤ «የመንግሥት ሕግ» ማለት ነው። ግን እንዴት ያለ «የ»? መንግሥት የሰጠው ሕግ ነው ወይስ መንግሥትን የሚገዛ ሕግ? «መንግሥት» ራሱ ከ«ነገሠ» የመጣ ነው። በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሕገ መንግሥቱን ለሕዝባቸው ሲሰጡ ትርጉሙ የመጀመሪያው ነበር። የ1987ቱ በአንቀጽ 9 የሀገሪቱ የበላይ ሕግ ነኝ ሲል ቃሉን ሳይነካ አቅጣጫውን ገለበጠው። ይኸው ሰነድ በአንቀጽ 106 የመጨረሻውን ሕጋዊ ዕውቅና የሰጠው ለአማርኛው ቅጂ ነው። ስለዚህ እናንተ ሐይቅ ዳር የተከራከራችሁበት ነገር ቀላል አይደለም።

እኔን የሚያስፈራኝ ልጓሙ ሲላላ ነው። በጎውን የሚወስነው ማን ነው? በጽሑፍሽ ይህን ሳትጠይቂ አትለፊ። ያንን በጎ ነገር ደግሞ «የጋራ ጥቅም» ባትይው እመርጣለሁ። ጥቅም ወደ ገበያ ይስባል፤ ድኅረ ሊበራሎቹ የሚሉት ግን እንደ ሰላም፣ እንደ ፍትሕ ያለ ተካፍለው የማይጨርሱትን ነው። እኔ «የወል በጎ» እላለሁ። ለጆሮ ገና አልተለመደም። የተሻለ ካገኛችሁ ጻፉልኝ።