ለዓመታት የቆመ ሞተር ሳይክል ከመነሣቱ በፊት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባለ 150 ሲሲ ቬስፓ ሞተር ሳይክል ከአባቴ ወርሻለሁ። አባቴ በ1955 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ገዟት ሲናገሩ እሰማ ነበር። ከቆመች ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ማስነሻ ፔዳሏ ሲረገጥም ንቅንቅ አይልም። አንድ መካኒክ «ማርሽ አስገብተን ቁልቁለት ላይ ብንገፋት ትላቀቃለች» ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ የድሮውን ሲሊንደር ጥለን አዲስ ከውጭ እናስመጣ ባይ ነው። የትኛው ይሻላል?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ሁለቱም ምክሮች ለጊዜው ይቆዩ፤ የመጀመሪያው ግን ፈጽሞ አይሞከር። የዚያ ዘመን ቬስፓ ሲሊንደር ብረት በመሆኑ፣ ለዓመታት እርጥበት ሲያገኘው የፒስተኑ ፋሻዎች (ፒስተኑን የሚከብቡት የብረት ቀለበቶች) ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ይጣበቃሉ። በጉልበት እንዲላቀቁ ሲደረግ ፋሻው ይሰበራል፤ ስብርባሪውም የሲሊንደሩን ግድግዳና የጋዝ መተላለፊያዎቹን ጠርዝ እየቦረቦረ ያልፋል፤ ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ቢዬላውም፣ ሊጣመም ይችላል። በጥቂት ቀናት ትዕግሥት የሚድን ሞተር በአንድ ቁልቁለት ይበላሻል።

ከሁሉ አስቀድመው የያዙት ምን ዓይነት ቬስፓ እንደሆነ ይወቁ። ፒያጆ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የአውሮፕላን መሐንዲስ በነበረው በኮራዲኖ ዳስካኒዮ ንድፍ ቬስፓን ለገበያ ያወጣው በ1946 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የሞተሩ አሠራር ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። አባትዎ የገዙበት ዓመት ትክክል ከሆነ፣ የእርስዎ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ከተሠሩትና «ቪቢቢ» በሚሉ ፊደላት ከሚታወቁት አንዷ ልትሆን ትችላለች። በሞተሩ በኩል ያለውን ሽፋን አንሥተው የሻንሲውን ቁጥር በጨርቅና በነጭ ጋዝ ያጽዱ፤ በሽቦ ብሩሽ አይፈትጉት፤ ከዚያም ከሊብሬው ጋር ያስተያዩት። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ በራሱ በሞተሩ ቤት ላይ ለብቻው ተመትቷል። የሻንሲው መለያ በ«ቲ»፣ የሞተሩ በ«ኤም» ከማለቁ በቀር ሁለቱ የአንድ ዓይነት ፊደላት ሊኖራቸው ይገባል። ካልተስማሙ ሞተሩ በአንድ ወቅት ተለውጧል ማለት ነውና፣ የሞተር መለዋወጫ የሚያዝዙት በሞተሩ ቁጥር እንጂ በሻንሲው መሆን የለበትም።

ቀጥሎ ካንዴላውን ፈትተው በቀዳዳው ዝገት የሚያላቅቅ ስስ ዘይት ያፍስሱ፤ ይህ ካልተገኘ ናፍጣ ከቀጭን ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ይሠራል። በየቀኑ ጥቂት እየጨመሩ ለብዙ ቀናት ይተዉት። ከዚያም የማራገቢያውን ሽፋን አንሥተው ቮላኖውን (ከማራገቢያው ጋር የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት) በሁለት እጅዎ ይዘው ወዲያና ወዲህ በቀስታ ይሞክሩት። በፔዳሉ አይሞክሩ፤ የፔዳሉ ጥርሶች የታሰቡት ለሚዞር ሞተር ነው። ቮላኖው የአንድ ጣት ስፋት ያህል ከተንቀሳቀሰ ነገሩ ተስፋ አለው፤ ያኔም ሙሉ ዙር እንዲዞር አያስገድዱት፤ ዘይት ጨምረው ለነገ ያሳድሩት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሞተሩ ከተላቀቀ በኋላ ነው። ደስታው ያሸንፈውና ቤንዚን ጨምሮ ያስነሣዋል፤ ሞተሩም ይነሣል፣ ጥቂት ቀናት ይሠራል፣ ከዚያም ፒስተኑ ይነክሳል፣ ማለትም በሙቀት ከሲሊንደሩ ጋር ይያያዛል። ምክንያቱ በአብዛኛው በኮሎው (ፒስተኑ በቢዬላው አማካይነት በሚያዞረው የሞተሩ ዋና ዘንግ) ሁለት ጫፎች ላይ ያሉት የዘይት መያዣ ጎማዎች ናቸው። በዚህ ዓይነት ሞተር ውስጥ የኮሎው ቤት ቤንዚን፣ ዘይትና አየር የሚጨመቁበት ክፍል ስለሆነ አየር ማስገባት የለበትም። በቮላኖው በኩል ያለው ጎማ ደርቆ ከተሰነጠቀ ሞተሩ ከዚያ በኩል ንጹሕ አየር ይስባል፤ የቤንዚኑ መጠን ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ያንሳል፤ ቤንዚን ሲያንስ ደግሞ ማለስለሻ ዘይቱም አብሮ ያንሳል፣ ሙቀቱም ይንራል። ምልክቱ የጋዝ እጀታው ተለቆም ሞተሩ አለመርገቡ፣ የካንዴላው ጫፍም ነጭ መሆኑ ነው። በፍሪሲዮን በኩል ያለው ጎማ ሲበላሽ ግን ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት እየሳበ ያቃጥላል፤ ጭሱ ይበዛል፣ በካምቢዮው ውስጥ ያለው 250 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይትም ቀስ በቀስ ይጎድላል። እነዚህ ጎማዎች ዋጋቸው ትንሽ ቢሆንም በትክክል ለመለወጥ ሞተሩ ለሁለት መከፈል አለበት። ስለዚህ ከ20 ዓመት በላይ የቆመ ቬስፓ ሳይከፈት መነዳት የለበትም ብዬ በእርግጠኝነት እመክርዎታለሁ።

ሞተሩ ሲከፈት ከጎማዎቹ ጋር ኩሽኔታዎቹ (ዘንጎቹ የሚዞሩባቸው ተሸካሚዎች) እና ጓርኒሲዮኖቹ (በመጋጠሚያዎች መካከል የሚገቡት ማሸጊያዎች) በሙሉ ይለወጡ። ከዚያ እርስዎ ራስዎ በባትሪ መብራት እንዲያዩት የምፈልገው አንድ ቦታ አለ። በቪቢቢና ከእርሷ በኋላ በመጡት አብዛኞቹ ትልልቅ ቬስፓዎች፣ ከካርቡራተሩ የሚመጣውን ጋዝ (የቤንዚን፣ የዘይትና የአየር ድብልቅ) የሚከፍተውና የሚዘጋው የኮሎው ክብ ጎን ነው፤ ኮሎው በሞተሩ ቤት ላይ ባለ ጎባጣ ገጽ ትይዩ፣ እጅግ ጠባብ ክፍተት ትቶ ይዞራል። ያንን ገጽ በጨርቅ ጠርገው ጥፍርዎን በላዩ ያሳልፉ። ለስላሳ ከሆነ እግዚአብሔርን ያመስግኑ። ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ ጭረት ካለ ግን አንድ ወቅት አሸዋ ወይም የብረት ስባሪ ገብቶበታል፤ ሞተሩም ጋዙን ወደ ካርቡራተሩ መልሶ ስለሚተፋ ለመነሣት ያስቸግራል። ጥገናው በአሉሚኒየም ብየዳና በቶርኖ ቤት የሚሠራ ረቂቅ ሥራ በመሆኑ፣ በኮሎው ልክ መልሶ ማውጣት ለሚችል ባለሙያ ብቻ ይሰጥ። የሞተሩ ግማሾች ክፍት እያሉ በመስቀል ቅርጽ የተሠራውን ማርሽ መራጭም ይመልከቱ፤ የአራቱ ክንዶች ጠርዝ ከተድቦለቦለ ማርሹ ጭነት ሲበዛበት እያፈተለከ ያስቸግራል።

ወደ ሲሊንደሩ ስንመለስ፣ የፋብሪካው ሲሊንደር ሊድን ከቻለ እንዲጣል አልመክርም። የቪቢቢ ሲሊንደር ውስጠኛ ስፋት በአዲስነቱ 57 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ፒስተኖች በ0.2 ሚሊ ሜትር እየሰፉ ስለሚዘጋጁ አንድ ሲሊንደር ደጋግሞ ሬቲፊካ ሊደረግ፣ ማለትም ውስጡ በማሽን ሊሰፋና ሊስተካከል፣ ይችላል። ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት፤ መጀመሪያ ፒስተኑ ይገዛል፣ ከዚያ ባለሙያው ፒስተኑን ለክቶ አምራቹ ባዘዘው ክፍተት መሠረት ሲሊንደሩን ያሰፋል። ሥራው ሲመለስልዎ አዲሱን ፋሻ ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ያስገቡ፣ በፒስተኑ አናት ገፋ አድርገው ያስተካክሉት፣ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለውንም ክፍተት በስስ መለኪያ ብረት ይለኩ። ከ0.2 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ከሆነ ጥሩ ነው። ጫፎቹ ከተነካኩ በሙቀት ሲለጠጡ ፋሻው ይሰበራልና በቀጭን ሞረድ ይስተካከል።

በኤሌክትሪኩ በኩል የፑንቲናው (ለካንዴላው ብልጭታ የኤሌክትሪኩን መስመር የሚከፍተውና የሚዘጋው ክፍል) ክፍተት ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር መካከል ይሁን፤ ኮንደንሰሩ ይለወጥ፤ ከቮላኖው በስተጀርባ ያሉት ገመዶች ጎማቸው የሚፈረፈር ከሆነ አንድ በአንድ ከመጠገን ሁሉንም እንደ አዲስ መዘርጋት ይሻላል። ቮላኖው ሲፈታ በመዶሻ አይመታ። ዳዶውን ከቮላኖው ጋር የሚይዝ ስስ የብረት ቀለበት ካለ፣ ዳዶው ራሱ እየተፈታ ቮላኖውን ስቦ ያወጣዋል፤ ቀለበቱ ከጠፋ ለዚሁ በተሠራ መሳቢያ ይወጣል። የካርቡራተሩ ቀዳዳዎች ደግሞ በቤንዚንና በአየር ግፊት ይጽዱ እንጂ ሽቦ አይግባባቸው፤ ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

ጥያቄ፦ ጀርመን አገር የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ ቢኤምደብሊው አር 60/2 ገዝቻለሁ። ሻጩ ሞተሩ ተከፍቶ እንደማያውቅ በኩራት ነግሮኛል፤ በደንብም ይሠራል። ዘይቱን ቀይሬ ረጅም መንገድ ብሄድበት ምን ይለኛል?
አንባቢ፣ ከፍራንክፈርት

መልስ፦ ተከፍቶ አለማወቁ በዚህ ሞተር ላይ የሚያኮራ ሳይሆን የሚያሳስብ ነው። 594 ሲሲና 30 የፈረስ ጉልበት ያለው ይህ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር የዘይት ማጣሪያ የለውም። በፈንታው በኮሎው ላይ ከቆርቆሮ የተሠሩ ሁለት ክብ ሰብሳቢዎች አሉ፤ ኮሎው ሲሽከረከር በዘይቱ ውስጥ ያለው የብረት ብናኝና ቆሻሻ በሽክርክሪቱ ኃይል ተገፍቶ ወደ ሰብሳቢዎቹ ጠርዝ ይጠራቀማል። ንጹሑ ዘይት ከዚያ ወደ ቢዬላው ኩሽኔታ ይሄዳል። ጥበቡ የሚያስደንቅ ነው፤ ነገር ግን ሰብሳቢው ልክ አለው። ሲሞላ ወደ ኩሽኔታው የሚሄደው ዘይት መንገዱ ይዘጋል፣ ኩሽኔታውም ያለ ማስጠንቀቂያ ይቃጠላል። ዘይት መቀየር በውጭ ያለውን ዘይት ያድሳል እንጂ በሰብሳቢው ውስጥ የደደረውን ጭቃ አያወጣም።

ስለዚህ የሞተሩ ታሪክ በወረቀት ካልተረጋገጠ ረጅሙ ጉዞ ይቆይና ሞተሩ ይከፈት። ሰብሳቢዎቹን ለማግኘት ሞተሩ ከሻንሲው ወርዶ፣ ቮላኖው ተስቦ ኮሎው መውጣት ስላለበት ሥራው ቀላል አይደለም፤ እነዚህን ሞተሮች አዘውትሮ የሚሠራ ሰው ይፈልጉ። በዚሁ አጋጣሚ የፋብሪካውን መልክ የሚለውጥ ነገር ባያደርጉበት እመርጣለሁ። በሚኖሩበት አገር 30 ዓመት የሞላው ተሽከርካሪ «ኤች» የሚል ፊደል ያለበትን የታሪካዊ ተሽከርካሪ ሰሌዳ የሚያገኘው፣ በጥሩ ይዞታ ላይ መሆኑና የጥንት መልኩን መጠበቁ በባለሙያ ሲመሰከርለት ነውና።

ጥያቄ፦ ለድሮ ቬስፓ ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀለው ዘይት በበዛ ቁጥር ሞተሩ ይጠበቃል ይባላል። እውነት ነው?
አንባቢ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ አይደለም። ከላይ እንደገለጽሁት ጋዙን በኮሎው ጎን የሚያስገቡት ሞተሮች የሚፈልጉት 2 በመቶ፣ ማለትም ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው፤ ከእነርሱ በፊት የነበሩት የ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሞተሮች ግን 5 በመቶ ይጠይቃሉ። ከታዘዘው በላይ ዘይት ሲጨመር በካርቡራተሩ በሚያልፈው ፈሳሽ ውስጥ የቤንዚኑ ድርሻ ይቀንሳል፤ ይጠብቃል የተባለው ዘይት ራሱ ሞተሩን ቤንዚን ያስርበዋል። ጥላሸትም በካንዴላውና በማርሚታው ውስጥ ይከማቻል። ዘይቱ ለእንዲህ ዓይነት ሞተር ተብሎ የተዘጋጀ ይሁን፤ የመኪና ሞተር ዘይት አይተካውም።

ጥያቄ፦ የድሮ ሞተር ሳይክሌን ዱኮ ላስቀባ ነው። የፋብሪካው ቀለም በብዙ ቦታ ቢቀርም ደብዝዟል፣ አልፎ አልፎም ዝጓል። ሙሉ በሙሉ ቢላጥ ይሻላል?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ለቀለም ቀቢው ከመስጠትዎ በፊት ጥቂት ይታገሡ። ቀለም በፈለጉት ጊዜ ይቀባል፤ የፋብሪካው ቀለም ግን አንዴ ከተላጠ አይመለስም። መጀመሪያ በለብታ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠብ፤ ከዚያ ማንም በማያየው ስፍራ፣ ለምሳሌ ከመቀመጫው ሥር፣ በቀለም ማወልወያ ቅባት ትንሽ ቦታ ይሞክሩ። ደብዝዞ የነበረው ቀለም ከሥሩ ደምቆ ብቅ ሲል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ዝገቱ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ በስስ የብረት ጥጥና በዘይት ተጠርጎ፣ በሰም ተሸፍኖ ለብዙ ዓመት ይቆያል።

ብረቱን የበላው ዝገት ግን ሌላ ነው። እንደ ቬስፓ አካሉ ራሱ ሻንሲ የሆነ ሞተር ሳይክል ከሆነ ወለሉንና ፍሬኑ የሚታሰርበትን አካባቢ ከሥር በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ጫን ጫን እያሉ ይፈትሹ። ጫፉ ከሰጠመ ቦታው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። በስቱኮ ተሞልቶ በላዩ ዱኮ የተቀባ ወለል ዓይን ያማልላል፤ የነጂውን ክብደት ተሸክሞ ጎርባጣ መንገድ ላይ ሲወጣ ግን ይከፈታል። ቀለም ቀቢው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት በእርስዎ ፊት ብረቱን ገልጦ እንዲያሳይዎት ይስማሙ፤ ከስቱኮው በፊትም ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ።