ለኮምቦልቻዋ እህታችን፦ ፖሊስ ክሊራንስ ከሳውዲም ይጠየቃል ወይ ላልሽው

ሰላም እህቴ አብሽሪ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት፣ ከስር የተሰጠሽን መልስ ሳነብ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ምክንያቱም ግማሹ እኔን ስምንት ወር ያንገላታኝ ምክር ነው። ያልሽው ባለቤትሽ አሜሪካ ነው፣ ኤንቪሲ (የአሜሪካ የቪዛ ፋይል የሚያይ ቢሮ) ፖሊስ ክሊራንስ፣ ማለትም ከወንጀል ነጻ መሆንሽን የሚያሳይ የፖሊስ ወረቀት አምጪ ብሎሻል፣ አንቺ ደግሞ ከ2002 መስከረም እስከ 2006 ህዳር ሳውዲ ነበርሽ፣ መጨረሻ ላይ ያለ ኢቃማ (የሳውዲ መኖሪያ ፈቃድ) ስትሰሪ ቆይተሽ ሳውዲ ወረቀት የሌለውን ታባርር በነበረበት ሰሞን መጣሽ፣ እና የኢትዮጵያው ብቻ ይበቃል ወይ፣ የደሴ ወይ የኮምቦልቻ ፖሊስ የሚጽፈው ደብዳቤስ አይሆንም ወይ ነው።

የመጀመሪያው፣ የሳውዲም ይጠየቃል። ለአሜሪካ ኢሚግራንት ቪዛ ህጉ እንዲህ ነው፣ 16 ዓመት ከሞላሽ በኋላ በዜግነትሽ ሀገርና አሁን በምትኖሪበት ሀገር 6 ወር ከኖርሽ፣ ሌላ ሀገር ደግሞ 12 ወር ወይም ከዛ በላይ ከኖርሽ፣ ከሁሉም የፖሊስ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ታስረሽ የምታውቂበት ቦታ ካለ ደግሞ የቆይታው ጊዜም ያኔ የነበረሽ ዕድሜም አይታይም ይጠየቃል። አንቺ አራት ዓመት ነው የኖርሽው። እዛ ኮመንት ላይ "አስር ዓመት ካለፈው አይጠይቁም" ያለሽ ልጅ ዋሽቶሽ አይደለም ግን የካናዳን ህግ ነው የነገረሽ። ካናዳ ለፐርማነንት ሬዚደንስ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ በተከታታይ 6 ወር የኖርሽበትን ነው የሚጠይቀው፣ ዕድሜውም ከ18 ጀምሮ ነው። አውስትራሊያም የ10 ዓመት ህግ አላት። አሜሪካ ግን ለኢሚግራንት ቪዛ እንደዛ የሚባል የ10 ዓመት ገደብ የለውም፣ ስለዚህ የሌላ ሀገር አመልካች የነገረሽን አትውሰጂ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። "ሳውዲን ጭራሽ አታንሺው፣ ማን ያውቃል" ያለሽ ሰው አለ። እባክሽ በአላህ ይሄን አትስሚ። እኔ ዱባይ ሰው ቤት አራት ዓመት ሰርቼ በ2009 ተመለስኩ፣ በኋላ ባለቤቴ ለአሜሪካ ሲያስገባልኝ የቪዛ ማመልከቻ ፎርሙን ደሴ አንድ ፎርም የሚሞላ ቤት ሄጄ አስሞላሁ፣ ልጁ "ዱባይን ካስገባን የዱባይ ፖሊስ ወረቀት ይሉሻል፣ ማን አመጣልሽ" ብሎ የኖርኩበትን ቦታ በሙሉ ደሴ ብሎ ሞላው፣ እኔም ከኔ የተሻለ ያውቃል ብዬ ዝም አልኩ። ኢንተርቪው ቀን መስኮቱ ጋ ስቆም ኦፊሰሯ የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ከኢትዮጵያ ውጪ ኖረሽ ታውቂያለሽ ወይ" ሆነ። እግሬ ከዳኝ። አሮጌው ፓስፖርት ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ የዱባይ መኖሪያ ቪዛ ተለጥፎበታል። አዎ አልኩና አውጥቼ ሰጠኋት፣ ፎርሙ ላይ ለምን የለም ስትለኝ የሞላልኝ ሰው እንደተወው ነገርኳት፣ እዛው አስተካከለችው። ከዛ 221 ጂ የሚሉትን፣ የጎደለው እስኪሟላ ቪዛው አይሰጥም የሚለውን ወረቀት ሰጥታኝ የዱባይን ክሊራንስ ይዘሽ ነይ አለችኝ፣ የተባለውን ለማቅረብ አንድ ዓመት ነው ያለሽ። እሱን ስጠብቅ የሜዲካሉ ጊዜ አለፈና እንደገና ከፍዬ ተመረመርኩ። ያም ሆኖ አልሀምዱሊላህ ነው፣ ምክንያቱም ያኔ መስኮቱ ላይ አልኖርኩም ብል ኖሮ ነገሩ የወረቀት መጓደል መሆኑ ቀርቶ የማታለል ጉዳይ ይሆን ነበር፣ እሱ ደግሞ ቪዛን ለዘለቄታው ሊያስዘጋ የሚችል ነገር ነው። የጎደለ ወረቀት ይመጣል፣ ውሸት ግን ከተጻፈ ማን ያነሳዋል።

መባረሩን ደግሞ እንደ ነውር አትይው። ያኔ ከሳውዲ የተመለሰው ከ160 ሺህ በላይ ሰው ነው፣ ከኛው ከወሎ ልጁ ያልተመለሰበት ሰፈር የለም፣ ኤምባሲውም ያውቀዋል። ኢቃማ ሳይኖርሽ መስራትሽ ብቻውን ቪዛ የሚያስከለክል ወንጀል አይደለም። ተባረሽ ታውቂያለሽ ወይ ካሉሽ አዎ፣ መቼና እንዴት እንደሆነ በአጭሩ ንገሪያቸው። እዛ እያለሽ በሌላ ነገር ታስረሽ ተፈርዶብሽ ከሆነ ደግሞ የፍርድ ቤቱ ወረቀት ይፈለጋል፣ በምህረት ብትፈቺም ይፈለጋል።

የሳውዲውን እንዴት እንደምታመጪ የኔን ኮፒ አታድርጊ፣ ሀገሩ ይለያያል። የአሜሪካ ስቴት ዲፓርትመንት (የውጭ ጉዳይ መስሪያ ቤት) ዌብሳይት ላይ ሬሲፕሮሲቲ የሚባል ክፍል አለ፣ ሀገር ስትመርጪ የዛ ሀገር ፖሊስ ወረቀት ይገኛል አይገኝም፣ ከየት ነው የሚወጣው የሚለውን ይነግርሻል፣ አይገኝም ካለ አትጠየቂም። ባለቤትሽ ቁጭ ብሎ ሳውዲ የሚለውን ያንብብልሽ።

እኔ የዱባዩን በኦንላይን ነው ያመለከትኩት፣ ግን አሻራ በካርድ ላይ በቀለም ተነስቶ፣ ማህተም ተደርጎበት፣ አዲስ አበባ ያለው የኢማሬት ኤምባሲ አረጋግጦት ነው የሚላከው። እዚህ ላይ ማንም ያልነገረኝ ነገር ገጠመኝ። ፖሊሱ አስሩንም ጣቴን ጥቁር ቀለም እየቀባ ካርዱ ላይ ሲያሽከረክር የአውራ ጣቴና የሌባ ጣቴ መስመር አይወጣም፣ ልሙጥ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ። በጨርቅ ጠረገልኝ፣ እንደገና ቀባኝ፣ አሁንም ያው። "ምን ስራ ነበር የምትሰሪው" አለኝ፣ ሰው ቤት፣ በረኪና አልኩት። አራት ዓመት ሽንት ቤትና ወለል በረኪና ሳሻሽ የጣቴ ቆዳ ተልጦ አልቋል፣ ከመጣሁም በኋላ ልብስ የማጥበው በሱው ነው። ለአስር ቀን በረኪናና ኦሞ እንዳትነኪ ብሎ መለሰኝ፣ እናቴ ማታ ማታ ቅቤ እየቀባች በጨርቅ ስታስርልኝ ከረመች፣ በሁለተኛው ሙከራ መስመሩ ቀጭን ቢሆንም ወጣ። አንቺም ሰው ቤት ከሰራሽ ከአሁኑ ጣትሽን ብርሃን ላይ እይው፣ ለስልሶ ከሆነ ሁለት ሳምንት ቀድመሽ ተጠንቀቂ፣ አለዚያ አዲስ አበባ ድረስ ሁለቴ ነው የምትመላለሽው።

የኢትዮጵያው ፖሊስ ክሊራንስ (አሻራ የምንለው) የሚወጣው ከፌደራል ፖሊስ ነው፣ የቀበሌም የከተማ ፖሊስም የመልካም ስነምግባር ደብዳቤ ለዚህ አይሆንም፣ ኤንቪሲ ይመልሰዋል። እኔ አዲስ አበባ ሄጄ ነው ያወጣሁት፣ ፓስፖርት ከነኮፒው፣ መታወቂያና ጉርድ ፎቶ ይዤ። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ማደሪያ ዘመድ ጋ ቀድመሽ አዘጋጂ፣ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን የሚሆን አይደለም። ወረቀቱን ሲሰጡሽ ከመስኮቱ ሳትርቂ ስምሽን ፊደል በፊደል ከፓስፖርቱ ጋር አስተያዪ። የኛ ስም ላይ ችግር አለ፣ ሁሴን በእንግሊዝኛ አንዱ በአንድ ኤስ አንዱ በሁለት ይጽፈዋል፣ ሰኢድም መሀመድም እንደዛው ነው። የኔ ላይ የአያቴ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቶ እዛው አስተካከሉልኝ፣ ደሴ ገብቼ ባየው ኖሮ ሌላ 400 ኪሎ ሜትር ነበር።

ደግሞ ያኔ ስትሄጂ ኤጀንሲ ወይም ደላላ ፓስፖርትሽ ላይ ስም ቀይሮ ከነበረ (ስንቷ እህታችን በዛ ነው የሄደችው) ፎርሙ ላይ የተጠቀምሽበት ሌላ ስም አለ ወይ የሚል ቦታ አለ፣ እዛ አስገቢው። የሳውዲው መዝገብ በዛ ስም ነው ያለው፣ አሁን ባለው ስምሽ ቢፈልጉ አያገኙሽም።

ቀኑንም ወደ ፈረንጅ ቀይሪው። 2006 ብለሽ እንዳለ ከሞላሽው በነሱ 2006 ትምህርት ቤት ነበርሽ። መስከረም 2002 ሴፕቴምበር 2009 ነው፣ ህዳር 2006 ደግሞ ኖቬምበር 2013።

የጊዜውን ነገር፣ የኢትዮጵያው ለአሜሪካ ሁለት ዓመት ያገለግላል፣ ኢንተርቪው ሳይደርስ ካለፈ አዲስ ታወጫለሽ፣ ስለዚህ ባለቤትሽ ዜጋ ሳይሆን ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ከሆነና ወረፋው ረጅም ከሆነ ኤንቪሲ ሳይጠይቅሽ በፊት ማውጣት ትርፉ ብር መጨረስ ነው፣ አንቺን ግን አሁን ጠይቀውሻልና አውጪ። የሳውዲው ከተመለስሽ በኋላ የወጣ ሆኖ ዳግም ካልሄድሽ ጊዜው አያልፍም፣ ስለዚህ ከባዱን ከሱ ጀምሪ። ልጆችሽ ከ16 ዓመት በታች ከሆኑ እነሱ አይጠየቁም።

ፎርሙ ገብቶ ከሆነና ሳውዲ ካልተጻፈ ባለቤትሽ ለኤንቪሲ በዌብሳይታቸው ጽፎ ይክፈቱልኝ ይበል፣ ይከፍቱታል፣ ከኢንተርቪው በፊት ማረም ይሻላል። የድሮ ፓስፖርትሽን ወይም በሊሴ ፓሴ (ኤምባሲ በፓስፖርት ፋንታ በሚሰጠው የመመለሻ ወረቀት) ከመጣሽ እሱን ፈልጊ፣ ካገኘሽው ፎቶ አንስተሽ በውስጥ ላኪልኝ፣ የትኛው ስም እንዳለበት አብረን እናየዋለን። የኔ ቪዛ ተመቷል፣ ትኬት እስኪቆረጥ ደሴ ነኝ፣ ቅዳሜ ከመጣሽ ፒያሳ አገኝሻለሁ፣ ፎርሙንም ይዘሽ ነይ።