ለቤት ምግብ ሠሪ የትኛው መጽሔት ይሻላል? የእኔ መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። እዚሁ ባሕር ዳር እንደምትኖሪ፣ ለቤተሰብሽ እንደምታበስዪ፣ ስልክ ላይ አይተሽ የምትሞክሪው አሠራር አንዴ ሰምሮ አንዴ እንደሚበላሽብሽ ጽፈሻል። ተረጋግቼ የማነበው፣ ሙያ የሚጨምርልኝ የምግብ መጽሔት ካለ ጠቁሙኝ ነው ያልሽው። አሮጌ እትም መግዛት ያዋጣል ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። እኔ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ፤ ጉዳዩ ከልቤ ነው።

ምርጫዬ ኩክስ ኢለስትሬትድ የሚባለው የአሜሪካ መጽሔት ነው። የሚዘጋጀው ቦስተን ውስጥ ነው። አሁን በሚታወቅበት መልኩ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ቀጭን ነው፣ 32 ገጽ ብቻ። የድሮዎቹን እትሞች ስትከፍቺ መጀመሪያ ላይ ላያጓጓሽ ይችላል። የሚያብረቀርቅ ፎቶ ብዙም የለውም። ውስጡ በአብዛኛው በጥቁርና ነጭ የተሠራ የእጅ ሥዕል ነው። ቢላው በየት በኩል እንደሚገባ፣ ሊጡ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ዶሮው ከየትኛው መገጣጠሚያ እንደሚቆረጥ ተስሎ ታገኚዋለሽ። አንድ ሥዕል ደቂቃ ሙሉ ቪዲዮ ከማየት ይበልጥ ይገባል፤ እጅሽ ሊጥ ሆኖ ስልክ መነካካት የለም።

ማስታወቂያ አይቀበልም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቢላ ሲያወዳድሩ ውድ ውዱን ትተው ዋጋው ቀለል ያለውን ቪክቶሪኖክስ ሲያስቀድሙ ብታዪ አይግረምሽ፤ የሚያስከፋቸው አስተዋዋቂ የለም።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። አንድ አሠራር ከማተማቸው በፊት ደጋግመው ይሠሩታል። ከዚያ ምን እንደሞከሩ፣ የቱ እንዳልሠራና ለምን እንዳልሠራ አንድ በአንድ ይጽፋሉ። አሠራሩ ራሱ ከጽሑፉ መጨረሻ ነው የሚመጣው። ቸኩለሽ እሱን ብቻ አንብበሽ አትለፊ። ለእኛ የሚጠቅመው ከላይ ያለው ነው። እነሱ የሚጠሩት ዕቃ ግማሹ ቅዳሜ ገበያ አይገኝም። ምክንያቱን ካወቅሽ ግን ዕቃው ቢቀየርም ምክንያቱ አይቀየርም።

ለምሳሌ የዶሮ ወጥ እንቁላል። በዓል ደርሶ፣ እንግዳ ተጠርቶ፣ እንቁላሉ ሲላጥ ቅርፊቱ ነጩን ቦጭቆ ይዞት ይነሣል። በቅርብ የተጣለ እንቁላል ከሆነ ደግሞ ይብሳል። አብዛኞቻችን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከትተን ነው እሳት ላይ የምንጥደው። መጽሔቱ ያስተማረኝ ተቃራኒውን ነው፤ እንቁላሉ ከመጀመሪያው ሙቀት ያግኘው። እንቁላሉ ቀስ እያለ ሲሞቅ ነጩ ከቅርፊቱ ሥር ካለው ስስ ሽፋን ጋር ይጣበቃል። ድንገት ሲሞቅ ግን ነጩ ቶሎ ረግቶ እርስ በርሱ ይያያዝና ከሽፋኑ ይሸሻል። አሠራሩ ቀላል ነው። ድስት ውስጥ ሁለት ጣት የማይሞላ ውሃ አፍልተሽ፣ እንቁላሉን በወንፊት ላይ አድርገሽ ከውሃው በላይ ታስቀምጪዋለሽ። ከድነሽ እሳቱን ትቀንሺና 13 ደቂቃ በእንፋሎት ይበስላል። ከዚያ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ መክተት ነው። በረዶ ከሌለሽ ቀዝቃዛ ውሃ ሁለት ሦስቴ ቀያይሪለት። የሐበሻ እንቁላል ከእነሱ እንቁላል አነስ ይላል፤ የእኛ እንፋሎት ደግሞ ከእነሱ ቀዝቀዝ ይላል። ሁለቱ ተቻችለው እኔ ቤት 13 ደቂቃው ልክ ይመጣል። ልጣጩ በሁለት በሦስት ቁራጭ ብቻ ውልቅ ይላል። ነጩ ሳይጎዳ ስለሚወጣ ለወጡ ስትጠቀጥቂው እንኳ አይፈርስም።

እንፋሎቱ ለምን ይቀዘቅዛል ካልሽ፣ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቦስተን ግን ባሕሩ ዳር ስለሆነች 100 ላይ ነው። ከውጭ የመጣ ማንኛውንም አሠራር ስታነቢ ይህችን ነገር አትርሺ። ባቄላና ድንች ከተጻፈው ሰዓት ይዘገያል። ኬክ ደግሞ አየሩ ሳሳ ስለሚል ቶሎ ይነፋና ሳይረጋ መሐሉ ይሰምጣል። እኔ ከእያንዳንዱ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሩብ ያህሉን እቀንሳለሁ። ለአንድ ኩባያ ፈሳሽ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል እጨምራለሁ። ምድጃውንም 10 ዲግሪ ገደማ ከፍ አደርገዋለሁ።

ወደ ዓሣው ልምጣ። የጣና ዳር ሰው ስለ ዓሣ ጥብስ መጽሔት ያስፈልገዋል ወይ ትይ ይሆናል። እኔም ከሐይቁ ዳር ነው ያደግሁት፤ ግን ያስፈልጋል። ቆሮሶ ገዝተሽ፣ ቅርፊቱን አስፍቀሽ፣ ሆዱን አጽድተሽ፣ ጎኑን ሰንጥቀሽ አጥበሽዋል እንበል። ያንን እርጥብ ዓሣ ዘይት ውስጥ ስትከቺው ዘይቱ ይንጫጫል፣ ቆዳው ከመጥበሻው ይጣበቃል፣ ሥጋው ሳይቀላ ይደርቃል። ምክንያቱ ውሃው ነው። ላዩ ላይ ያለው ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ዓሣው ላይ ያለው ሙቀት ከውሃ መፍያው ብዙም አያልፍም። መቅላት የሚጀምረው ግን 150 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ እሳትሽ ውሃ ሲያተን ይውላል። መፍትሔው ማድረቅ ነው። በንጹሕ ጨርቅ ወይም በሶፍት ውጪውንም፣ ሆዱንም፣ የሰነጠቅሽውን ጎን ውስጡንም አድርቂው። ጨው ነስንሰሽ ትንሽ አስቀምጪው። ጨው ውሃ ስለሚያወጣ እንደገና አድርቂው። ዘይቱ በደንብ ከጋለ በኋላ ክተቺ። ሁለት ሦስት ዓሣ በአንዴ አትደራርቢ፤ ዘይቱ ይቀዘቅዛል። ቆዳው ራሱ ሲለቅ ታዪዋለሽ፤ ከዚያ በፊት አትነካኪው። በሎሚና በአዋዜ ሲቀርብ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የእናቶቻችንን ቁሌት በሌላ ዓይን ነው ያየሁት። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ በቀስታ፣ ውሃው እስኪመጥ ማቁላላታቸው ያው የዓሣው ምክንያት ነው። ውሃው ካልወጣ አይቀላም፤ ካልቀላ ጣፋጩ አይመጣም። ማንም ሳያስረዳቸው ያወቁት ነገር ነው።

ሽምብራና ቦሎቄ ላይ ደግሞ የለመድነውን ይገለብጣል። ጨው ቀድሞ ከገባ አይበስልም ይባላል አይደል? እነሱ የሚዘፈዝፉት በጨው ውሃ ነው። ለግማሽ ኪሎ ገደማ ጥራጥሬ 4 ሊትር ገደማ ውሃና 3 የሾርባ ማንኪያ ጨው። ማታ ዘፍዝፈሽ ጠዋት በንጹሕ ውሃ ታጥቢዋለሽ። ልጣጩን የሚያጠነክረው ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም የእነሱን ቦታ ይይዝና ልጣጩ ይለሰልሳል። ንፍሮ ስትቀቅዪ ልጣጩ አይፈነዳም፣ አፍ ውስጥም እንደ ወረቀት አይቀርም። ውሃችን በ94 ዲግሪ ስለሚፈላ ይህ ለእኛ ከእነሱ ይልቅ ይጠቅመናል። ጾም ላይ ብቻውን የመጽሔቱን ዋጋ ይመልሳል።

የማኅበር ወይም የዝክር ድግስ ላይ ሩዝ ለምትሠሩ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሩዝ የሚመጠው ውሃ ከራሱ ጋር እኩል ነው። የተረፈው በእንፋሎት የሚወጣ ነው። እንፋሎቱን የሚወስነው ደግሞ በይበልጥ ድስቱና ክዳኑ ነው። ስለዚህ ለ1 ኩባያ ሩዝ 1 ተኩል ውሃ ከበቃሽ፣ ለ3 ኩባያ 4 ተኩል አይደለም፤ 3 ተኩል ነው። ድስቱ ሰፋ ካለ ትንሽ ትጨምሪያለሽ። የፎገራ ሩዝ በትልቅ ድስት ሲሠራ ገንፎ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በዚህ ስሌት ነው።

አሁን አስቸጋሪውን ልንገርሽ። ልኬቱ የአሜሪካ ነው፤ ኩባያ፣ አውንስ፣ ፋራናይት። ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ሚዛን ከሌለሽ ከመጽሔቱ በፊት እሱን ግዢ። በእነሱ አቆጣጠር 1 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት 142 ግራም፣ 1 ኩባያ ስኳር 198 ግራም ነው። 350 ፋራናይት ሲሉ 177 ሴልሺየስ ማለታቸው ነው። እነዚህን ወረቀት ላይ ጽፈሽ የዕቃ መደርደሪያሽ በር ላይ ለጥፊ።

ቅቤ ላይም ተጠንቀቂ። እነሱ ቅቤ ሲሉ ውሃ ያለበትን ነው። የእኛ ንጥር ቅቤ ውሃው አልቆ ስብ ብቻ ነው የቀረው። እኩል ካስገባሽ ኬኩ ዘይት ዘይት ይላል። 100 ግራም ሲሉ 80 ግራም ንጥር ቅቤና 1 የሾርባ ማንኪያ ውሃ አድርጊ። ኮረሪማና በሶብላ ያልገባበት መሆን አለበት፤ ያው ታውቂዋለሽ።

የአሳማ ሥጋ፣ ወይንና ክሬም ይበዛበታል። እነዚያን ገጾች እኔ እዘላቸዋለሁ። አንዳንዱ አሠራር ደግሞ ረዥም ነው፣ ሦስት መጥበሻ ያቆሽሻል። ድካሙ የማያዋጣ ሲመስለኝ ምክንያቱን ብቻ ወስጄ በራሴ መንገድ እሠራለሁ። እንግሊዝኛው አያስፈራሽ። የወጥ ቤት ቃል ተደጋጋሚ ስለሆነ ሁለት ሦስት እትም ላይ ይለመዳል። እኔ ቤት ልጄ ጮክ ብላ ታነብልኛለች፤ እኔ አቦካለሁ። ለእሷም ትምህርት ሆኗታል።

ይህ ሁሉ ከበዛብሽ በእንግሊዙ ጉድ ፉድ ጀምሪ። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የሚወጣ ነው። ልኬቱ በግራምና በሴልሺየስ ነው፣ አሠራሩም አጭር ነው። ብዙው በኢንተርኔት ይገኛል። ለዕለት ምግብ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱን ግን እንደዚያኛው ቁጭ ብሎ አያስረዳሽም። እኔ ሁለቱንም አነባለሁ። አንዱን ብቻ ያዢ ብባል ግን ኩክስ ኢለስትሬትድን ነው የምይዘው።

አሮጌ እትም ያዋጣል ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ በጣም። እንቁላል ዛሬም ያው እንቁላል ነው። እዚህ ሲሸጥ አይቼ አላውቅም። ውጭ አገር ዘመድ ካለሽ ሲመጣ ያገለገሉ እትሞችን ፈልጎ ይያዝልሽ። ቀጭን ስለሆነ ሻንጣ አያከብድም። የዓመቱን እትሞች አንድ ላይ የጠረዘ ጠንካራ ሽፋን ያለውም አለ፤ እሱ ከተገኘ ይመረጣል፣ መጨረሻው ላይ ማውጫ አለው። ነጠላ እትም ከሆነ የኖቬምበርና ዲሴምበሩን አታስቀድሚ፤ ቱርክ ዶሮና የገና ብስኩት ይበዛበታል። የጃንዋሪና ፌብሩዋሪውን አስፈልጊ። ያኔ እነሱ ጋ ክረምት ነው፤ ሾርባ፣ ቀስ ብሎ የሚበስል ሥጋና ጥራጥሬ በብዛት የምታገኚው እዚያ ላይ ነው።