ያንን የካሴት ሳጥን አትግዛው

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አሁን አየሁት። የአሜሪካውን የሮክ ባንድ የግሬትፉል ዴድን የስቱዲዮ አልበም ሰምተህ አልጣመህም። አሁን ደግሞ አንድ ሰው 100 የኮንሰርት ካሴት በ300 ዶላር ልሽጥልህ ብሎሃል፣ ልግዛ ወይ ነው የምትለው። አትግዛ! እኔ ገዝቼ አይቼዋለሁ።

1. ስቱዲዮውን ተወው። እነዚህ ሰዎች በፈረንጆቹ ከ1965 እስከ 1995 ወደ 2,300 ኮንሰርት ተጫውተዋል። አንዱ ምሽት ከሌላው አይመሳሰልም። ይሄ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም፣ ጥሩ አዝማሪም ትዝታን ዛሬ በተጫወተበት መንገድ ነገ አይደግመውም። "ዳርክ ስታር" የሚሉት ዘፈናቸው በነጠላ ሸክላ ሲወጣ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። በ1969 ከመድረክ ተቀድቶ በወጣው "ላይቭ/ዴድ" ላይ ግን 23 ደቂቃ ነው። ጄሪ ጋርሺያ በጊታሩ አንድ ነገር ይጀምራል፣ ፊል ሌሽ በቤዙ ይመልስለታል፣ ከዚያ ሁለቱም ወዳላሰቡት ቦታ ይሄዳሉ። ስቱዲዮ ውስጥ ይሄ የለም።

2. የቅጂውን ዓይነት ለይ። ሳውንድቦርድ የሚባለው የመድረኩን ድምፅ ከሚያቀናብረው ማሽን፣ ከሚክሰሩ፣ በቀጥታ የተቀዳው ነው፣ ጥርት ያለ ነው። ሌላው ተመልካቹ መሀል በማይክ የተቀዳው ነው፣ ጭብጨባውና አዳራሹ አብሮ ይሰማል። ባንዱ የሚቀዳውን ሰው አያባርርም ነበር። በ1984 ጭራሽ ለቀጂዎች የራሳቸው ቦታ ሰጣቸው። አደራው አንድ ነው፦ ተለዋወጡ፣ አትሽጡ።

እኔ ይሄን ሳላውቅ ነው የተበላሁት።

2008 ላይ ነው፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ታክሲ እነዳ ነበር። አንድ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ 120 ካሴት አየሁ። በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ቀኑና ቦታው ተጽፏል፣ ሁሉም ላይ "ሳውንድቦርድ" ይላል። በቢክ እስክሪብቶ ካሴት እያጠነጠነ ያደገ ሰው ይሄን አይቶ እንዴት ያልፋል? 350 ዶላር ከፈልኩ። ማጫወቻ ቴፕ ስላልነበረኝ በሌላ 80 ዶላር እሱንም ገዛሁ። የአንድ ሳምንት የሌሊት ሥራዬ ነው የሄደው።

መጀመሪያ የከፈትኩት የሜይ 8, 1977ቱን ነው፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባርተን ሆል የተጫወቱትን። ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ! የቅጂ ቅጂ ቅጂ ነው፣ ካሴት ከካሴት በተገለበጠ ቁጥር ሽሽ የሚለው ድምፅ ይጨምራል። ፍጥነቱም ተዛብቶ የዘፋኙ ድምፅ ቀጥኗል። በዚያ ላይ የ90 ደቂቃ ካሴት አንዱ ጎን 45 ደቂቃ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ጨዋታው ሊፈነዳ ሲል ቀጭ ይልና ያልቃል። ገልብጠህ ስታስገባው ሌላ ቦታ ላይ ናቸው። ያቺን የጠፋች ደቂቃ ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

ቅዳሜ ሳጥኑን ተሸክሜ ተመለስኩ። ሰውዬው ቀና ብሎም አላየኝ፣ "ካሴት ነው፣ ምን ጠብቀህ ነበር?" አለኝ። ብሬን አልመለሰም። ከብሩ በላይ ያናደደኝን ግን በኋላ ነው ያወቅኩት። አንድ ተሳፋሪ በመንገድ ስነግረው አዘነልኝና "ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባል ድረ ገጽ ላይ በነፃ አለ እኮ" አለኝ። ቤት ገብቼ ከፈትኩት። በሺዎች የሚቆጠር ቅጂ! ያው ባርተን ሆል፣ ሳይቆረጥ፣ እያንዳንዱ የከበሮ ምት ተለይቶ እየተሰማ። በነፃ የተሰጠ ነገር ነው በብር የተሸጠልኝ።

የባርተን ሆሉን ምሽት የቀዳችው የባንዱ የድምፅ ባለሙያ ቤቲ ካንቶር-ጃክሰን ናት። በ1980ዎቹ ውስጥ የመጋዘን ኪራይ መክፈል አቅቷት ቴፖቿ በጨረታ ተሸጡባት። ይሄን ሳነብ የእኔን 350 ዶላር ረሳሁት። ቅጂው 2011 ላይ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለታሪክ ከሚጠብቃቸው ድምፆች መዝገብ ገብቷል። በባንዱ ስም በይፋ የወጣው ደግሞ 2017 ነው። ያንን በደስታ ገዝቻለሁ። ብር ማውጣት ካማረህ ለእንደዚህ ዓይነቱ አውጣ። አርካይቩ ላይ ሳውንድቦርዱን እዚያው መስማት ብቻ ነው የሚቻለው፣ ዳውንሎድ የሚደረገው በተመልካች የተቀዳው ነው። አልሠራ አለ ብለህ እንዳትናደድ።

3. ከየት ልጀምር ካልክ ከኦገስት 27, 1972፣ ቬኔታ ኦሪገን። ሙቀቱ ጊታሮቹን ከቅኝት እያወጣባቸው ነው የተጫወቱት፣ ግን "ዳርክ ስታር" ከግማሽ ሰዓት በላይ ይሄዳል፣ እኔ ከዚያ የሚያምር አልሰማሁም። ከዚያ ባርተን ሆል ሁለተኛው ክፍል። በጆሮ ማዳመጫ፣ ሌሊት፣ ሳታሳልፍ። እኔ እስካሁን 212 ኮንሰርት ሰምቼ በደብተር መዝግቤአለሁ፣ ዝርዝሩን ከፈለግህ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ።

ካሴት በእጅህ መያዝ ከናፈቀህም ያ ሳጥን አሁንም ቤቴ አለ። መጥተህ ውሰደው፣ ቴፑንም ጨምሬ እሰጥሃለሁ። ሳንቲም አልቀበልህም።