መልስ፦ ከቦረናና ከሆልስታይን ከብት የተወለደች ጊደር መካን ትሆናለች?

አትሆንም። ጊደርህ እንደ በቅሎ አትመክንም፣ ትወልዳለች።

ያሳሰበህ ያነበብከው መጽሐፍ ለከብቶቹ የሰጣቸው ሁለት ስም ነው። እንደ ቦረና ሻኛ ያለው ቦስ ኢንዲከስ፣ እንደ ሆልስታይን ሻኛ የሌለው ቦስ ታውረስ ይባላል። ስማቸው ይለያይ እንጂ ሁለቱም 60 ክሮሞዞም (የዘር መረጃ የሚይዝ የሕዋስ ክፍል) አላቸው። የፈረስ 64፣ የአህያ 62 ነው፤ በቅሎ 63 ይዛ መሃል ላይ ትቀራለች፣ ለዚህም ትመክናለች።

ቦረናውም ሆልስታይኑም ዘራቸው አውሮክስ ከሚባል የዱር ከብት ነው። የመጨረሻዋ አውሮክስ በ1627 እ.ኤ.አ. ፖላንድ ውስጥ ሞታለች። የአገራችን ከብት ደግሞ ከድሮም ሻኛ ያለውና የሌለው ቅልቅል አለበት። ሳንጋ ከሚባለው ቅልቅል ወገን የሆነውን የራያን ከብት ጎኑ ቆመህ እየው፤ ሻኛው አነስ ብሎ ወደ አንገቱ ጠጋ ይላል። ሸኮ የሚባለው ዝርያ ላይ ስትደርስ ጭራሽ ላታገኘው ትችላለህ።

ጎሽ ከላም ይዳቀላል ወይ ላልከው፣ አይዳቀልም። ቢመስልም ወገኑ ሌላ ነው፤ የሳቫናው ጎሽ 52 ክሮሞዞም ነው ያለው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጊደሯን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስጠቃ በትልቅ ሆልስታይን አይሁን። እኔ ቸኩዬ ገና ያልጠነከረች ጊደር አስጠቃሁ። የጥጃው የፊት እግሮች ወጡ፣ ጭንቅላቱ ተቀረቀረ። ከሐኪሙ ጋር ስንጎትት አደርን። እሷ ተረፈች፣ ጥጃው ግን ሞተ። አዳቃዩን ጀርሲ የሚባለው ዝርያ ዘር ካለው ጠይቀው፤ ጥጃው ትንሽ ስለሆነ አያስጨንቃትም። ሆልስታይኑ ለሁለተኛው ይደርሳል።